በአልበሙ ላይ የሌለው ድምፅ

ከድሮው መናኸሪያ ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ጥግ ላይ የበርገር ቤት ተከፍቷል። በደጁ ባለፍኩ ቁጥር ሽታው ይቀበለኛል፤ ብዙ ቀን የዋለ፣ ስንት ድንች እንደተጠበሰበት የማይታወቅ ዘይት ሽታ። ቀድሞ እዚያው ጥግ ላይ አንዲት ሴትዮ በተቀዳደደ ጃንጥላ ሥር ተቀምጣ ሳምቡሳ ትጠብስ ነበር። ሦስቱን በአሥር ብር ነበር የምትሸጠው። የምስሩን በአንድ ሳፋ፣ የሥጋውን በሌላ ሳፋ ለይታ ታስቀምጣለች፤ ማን ከየትኛው እንደሚበላ ፊት አይታ ታውቃለች እንጂ አትጠይቅም። ያን ጊዜ ከመናኸሪያው እስከ ሆስፒታሉ ባጃጅ ሦስት ብር ነበር። ሴቶች የሚለብሱት ስስ ድሪያ ከድንበሩ ከተማ ከወጃሌ በአይሱዙ ተጭኖ ሲገባ ገበያው ውስጥ ብርቱካናማውም፣ አረንጓዴውም፣ ሰማያዊውም በየገመዱ ላይ ይሰቀላል። ከየሱቁ በር የዑድ ዘፈን ይወጣል፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሱቆች የተለያየ ዘፈን ከፍተው ሲፎካከሩ በመካከላቸው የሚያልፍ ሰው አንዱንም አይሰማም። ሌላ ሰው ስለ ድሮ ሲያወራ ሠላሳና አርባ ዓመት ወደኋላ ይሄዳል። እኔ ድሮ የምለው ሰባት ስምንት ዓመት ነው። ለእኛ ከተማ ሰው ይህም ሩቅ ነው።

የምጽፈው ስለ አንድ አዲስ አልበም ነው፤ ስለ ሙዚቃ ግን የማውቀው ጥቂት ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሠላሳ ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ፤ ጆሮዬ የለመደው የጽሕፈት መኪና ነው። አልበሙን የሠራው ሊባን የጎረቤቴ የኸድራ ልጅ ስለሆነ ሰማሁት። በመድረክ የሚጠራበት ሌላ ስም አለው ይላሉ፤ እኔ እናቱ ባወጣችለት ነው የምጠራው።

የኸድራ ግቢና የእኔ ግቢ በአንድ የብሎኬት ግንብ ይገናኛሉ። ከግንቡ አንድ ብሎኬት ተነቅሎ ሳህን የሚያሳልፍ ቀዳዳ ነበረው። አባቴ ወታደር ሆኖ ነው ወደዚህ አገር የመጣው፤ እኔ እዚሁ ጅግጅጋ ተወለድኩ። ኸድራ ከሀርሺን በኩል የግመልና የፍየል ጌቶች ልጅ ናት፤ በትዳር ወደ ከተማ ገባች። ባሎቻችን በሁለት ዓመት ልዩነት ሞቱ። የእኔ አንዲት ልጅ ድሬዳዋ አግብታ ሄደች፤ የእሷ አንድ ልጅ ሊባን ቀረ። በኢድ የምታርደውን እኔ አልበላም፤ በፋሲካ የማርደውን እሷ አትበላም። ይህ በመካከላችን ተነግሮ አያውቅም። በኢድ ቀን በቀዳዳው የሚመጣልኝ ሩዝ ሥጋ ባልነካው ድስት ለብቻው የተሠራ፣ ዘቢብ የተነሰነሰበት ነበር። በፋሲካ እኔ የማሳልፍላት ድፎ ዳቦና እንቁላል ነበር። ሳህን ባዶውን ተመልሶ አያውቅም፤ ምንም ካጣሁ ሎሚ አደርግበታለሁ። እሷ ጽጌ ትለኛለች፣ እኔ አባዮ እላታለሁ፤ በሶማልኛ እህቴ እንደ ማለት ነው። ልጇ ኤዶ ጽጌ ይለኛል፤ አክስቴ ማለቱ ነው።

ሊባን በዚያን ጊዜ የኮምፒውተር ተማሪ ነበር። ስልኩን ይዞ እየዞረ ድምፅ ይቀዳል። የወፍጮ ቤት፣ የውኃ ቦቴ፣ ነፋስ በአጥር ላይ የሚያንሿሿው ፌስታል፣ ምንም አይቀረውም። «የሰው ዶሮ እህል ይለቅማል፣ የእኔ ልጅ ኳኳታ ይለቅማል» ትል ነበር እናቱ። ወደታች ከምጽፈው ክረምት በኋላ ትምህርቱን አዲስ አበባ ጨረሰ፤ እዚያው ስቱዲዮ ተቀጠረ። እናቱ ከሞተች ወዲህ እምብዛም አይመጣም።

ከሦስት ሳምንት በፊት ሳይነግረኝ መጣ። ጎረምሳው ልጅ ጢም አውጥቷል። ከሰላምታው በኋላ ቆሞ ቀረ።

«ኤዶ፣ አልበሜን ጨርሻለሁ። ከመውጣቱ በፊት ሰምተሽ ፈቃድሽን እንድትሰጪኝ እፈልጋለሁ።»

«የእኔ ፈቃድ ለሙዚቃ ምን ያደርጋል?»

«ውስጡ አለሽበት» አለኝ።

ቤት እንዳንሰማው መብራት የለም፣ የኮምፒውተሩም ባትሪ አልቋል። ጄኔሬተር ያለው የበርገር ቤቱ ነው። እንዲህ ሆኖ ነው በስተርጅና በርገር ቤት የገባሁት። ወንበሮቹ ቀይ ላስቲክ ናቸው፤ ከቀሚሴ ጋር ይጣበቃሉ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ሥዕል ላይ በርገሩ እንደ ሦስት ፎቅ ቤት ቆሟል። ሊባን ኮምፒውተሩን እየሰካ፣ «ሁለት ስፔሻል!» ብሎ አዘዘ። ሲመጣ የሥዕሉ ፎቅ ተንዶ ነበር፤ የትናንት ዳቦ በእሳት ደርቆ፣ በመካከሉ ጠርዙ የጠቆረ ጠፍጣፋ ሥጋ፣ በላዩ ውኃ የተቀላቀለበት ካቻፕ። ድንቹ ከውጭ በዘይት ርሷል፣ ከውስጥ ቀዝቅዟል። ሳህኑን በእጄ ትንሽ ገፋ አደረግሁት። ሊባን አየኝ፤ ከዚያ ሥጋውን አየ። ፊቱ ተለወጠ።

«ውይ ኤዶ! እኔ… አዲስ አበባ አደነዘዘችኝ። እናቴ ብታይ በጥፊ ነበር የምትለኝ።»

«ምንም አይደል። ድንቹን እበላለሁ።»

«እሱንስ አትብዪው» አለና አስተናጋጇን ጠራት። ቀጠን ያለች፣ ጥቁር ሻርፕ የተከናነበች ልጅ ናት። «እህት፣ ይሄ ዘይት መቼ ነው የተቀየረው?»

«ዛሬ ነው የቀየርነው፣ ወላሂ!»

«ከየትኛው ድስት ወደ የትኛው ድስት?»

ልጅቷ በሻርፗ አፏን ይዛ ሳቀች። ሊባን አንድ ጊዜ ገምጦ ብዙ አኘከ። «ይሄ በርገር አይደለም» አለኝ። «የበርገር ወሬ ነው።» ለዚህ ወሬ አምስት መቶ ብር ይከፈላል።

ትልልቅ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ። አልበሙ «ቆርቆሮ» ይባላል፤ አሥር ክፍል አለው፤ ዘፋኝ የለውም። የመጀመሪያው በጄኔሬተር ድምፅ ይጀምራል። ጄኔሬተሩ እየወፈረ፣ እየተደራረበ ሄዶ ብዙ ወንዶች በአንድነት የሚያጉረመርሙ ይመስላል። ማዳመጫውን አንስቼ፣ «የጅግጅጋ ሰው ጄኔሬተር ለመስማት ገንዘብ የሚከፍል ይመስልሃል?» አልኩት። «ለጅግጅጋ ሰው በነፃ ነው» አለ። ሁለተኛው ከሀርሺን ያመጣው የግመል ቃጭል ነው፤ የእንጨቱ ድምፅ ተጎትቶ ተጎትቶ ከሥሩ ከባድ ምት ሲገባ ደረቴን መታኝ፤ ዕድሜዬን አስታወሰኝ እንጂ አልጠላሁትም። እዚሁ አገራችን ካለው ከደምበል ገጠር የቀዳውን፣ ውኃ የሚቀዱ ሴቶችን ድምፅ ቆራርጦ የሠራውን አልወደድኩም። ሰው የሚናገረው ሊሰማ ነው፤ ቃሉ ተከታትፎ ከበሮ ሲሆን ደስ አይልም። ይህንኑ ነገርኩት፤ በስልኩ ላይ ጻፈው። ከሁሉ የወደድኩት አፍደም የሚለውን ነው። ነፋስ አለ፣ ብረት አለ፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ፣ እንደገና ብረት። «ባቡሩ የታለ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ባቡሩ ከቀረ ቆየ ኤዶ። የቀዳሁት ሐዲዱን ነው።» አባቴ በልጅነቴ ከድሬዳዋ አዲስ አበባ በባቡር ወስዶኝ ነበር፤ አፍደም ላይ ሴቶች በመስኮት ወተት ይሸጡ ነበር። ይህን አልነገርኩትም። አንዱ ክፍል ደግሞ አንዲት ነገር ብቻ እየደጋገመ ስምንት ደቂቃ ይሄዳል፤ በመካከሉ ሁለት ድንች በላሁ።

ሰባተኛው በዝናብ ይጀምራል፤ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ የክረምት ዝናብ። ሙዚቃ የለበትም። ከዚያ የብረት በር ይንኳኳል። ሁለቴ ሲንኳኳ አወቅሁት። የኸድራ በር ነው።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ነበር። ያን ክረምት ማን በማን ላይ እንደተነሣ፣ ማን እንዳዘዘ፣ ሌሎች ብዙ ብለውበታል፤ እኔ የማውቀው መንገዳችንን ነው። ጠዋት ጭስ አየን። ቀጥሎ የሚሮጥ ሰው፣ ቀጥሎ የሱቅ መዝጊያ ሲሰበር ሰማን። ኸድራ በጓሮ መጥታ ጅልባቧን ራሴ ላይ ጣለችብኝና በእጄ ጎትታ ወደ ቤቷ አስገባችኝ። «ኮቴሽን ቀንሺ፣ እንደ ክርስቲያን አትራመጂ» አለችኝ፤ በዚያ ሰዓት። እኔንና ሊባንን የኋላ ክፍል አስገብታ በላያችን ዘጋች። ሊባን ዝናቡን ሲቀዳ ነበር፤ ስልኩን መዝጋት ረስቶ በእጁ እንደያዘው ነው። በሩ ተንኳኳ። ኸድራ ወጣች። የጎረምሳ ድምፆች፣ «ያቺ ጎረቤትሽ የት ናት?» አሏት። እዚህ የለችም አለች። «ማዪ!» አሏት። ማለች። በምን ስም እንደማለች የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቃሉን አልጽፈውም። ሰዎቹ ሄዱ። ከድምፆቹ ሁለቱን አውቃቸዋለሁ፤ ዛሬም መንገድ ላይ ሰላምታ እንለዋወጣለን።

ይህ ሁሉ በማዳመጫው ውስጥ አለ። ኸድራ ከሞተች ስንት ጊዜዋ፣ ድምፅዋ በሁለቱም ጆሮዬ መካከል ቆመ። ከእሷ መሐላ በኋላ የታፈነ ሳል ይሰማል። የእኔ ነው። ማዳመጫውን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«የቀሩት ክፍሎች ሁሉ ወደዚህ ነው የሚመጡት» አለ ሊባን። «ይሄ የአልበሙ ልብ ነው። ሰው እናቴ ማን እንደነበረች ይስማ። ሳልሽ ስላለበት ግን ያለ ፈቃድሽ አላወጣውም።»

እሱ የማያውቀው ነገር ነበር። ነገሩ በሆነ በሦስተኛው ቀን እናቱ በአንድ የጭነት መኪና ደምበል አጎቱ ዘንድ ላከችው፤ በዚያ ሰሞን የእሱ ዕድሜ ልጆች ወይ ይታፈሳሉ ወይ በግድ ወደ ሁከቱ ይነዳሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ኸድራ መሐላዋን ልትረሳው አልቻለችም። የሰፈራችን መስጊድ ሽማግሌ ሸኽ ዘንድ ሄዳ ነገረቻቸው። «ነፍስ ለማዳን የተባለ ነው፤ ወንጀል የለብሽም» አሏት። «ስሙን ጠርቼ ዋሽቻለሁ» አለች። አልለቅ ስትላቸው፣ ልብሽ እንዲያርፍ ከሆነ የመሐላ ማካካሻ አውጪ፣ ለቤተሰብሽ ከምታበዪው መካከለኛውን አሥር ድሃ አብዪ፣ ካጣሽ ሦስት ቀን ጹሚ አሏት። ገበያው ተዘግቷል፣ ወፍጮው ቆሟል፤ ቤቷ ውስጥ ጥቂት ሩዝ፣ ጥቂት ምስርና ስኳር ነው ያለው። አሥር ሰው ከየት አምጥታ ታብላ? ልትጾም ወሰነች። ስኳር በሽታ እንዳለባት፣ መርፌ እንደምትወጋ ለሸኹ አልነገረቻቸውም።

«ከተማው እስኪረጋጋ ጠብቂ፣ አባዮ። ያኔ አሥር አይደለም ሃያ እናበላለን» አልኳት።

«ሞት ከቀደመኝስ?»

ያን ጊዜ የእኔም ጾም ገብቶ ነበር፤ ፍልሰታ። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ፣ እሷ እስከ መግሪብ፣ ጀንበር እስክትጠልቅ። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ጾመኛ አሮጊቶች ተቀመጥን። «አንቺ ለማርያም፣ እኔ ለምላሴ» ትለኝና ትስቃለች። ያም ሆኖ ለእኔ ምስር በዘይት የምትሠራልኝ እሷ ናት፤ ወደ ጓሮ እንዳልወጣ ከልክላኛለች፣ ጢሱን አይቶ የሚመጣ ቢኖር እሷን እንዲያገኝ። በሦስተኛው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የእኔን ምስር እያማሰለች ከሰል ምድጃው ላይ ወደቀች። ቀኝ እግሯ ተቃጠለ። የስኳር ሰው ቁስል አይድንም። ሊባን በመስከረም ሲመለስ ምግብ ስትሠራ እሳት አቃጠላት ተባለ፤ ውሸት አይደለም። ድሬዳዋ ወስደናት እግሯ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ተቆረጠ። ሰው ሁሉ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ በሚሄድበት ዓመት ሞተች፤ ቀብሯ ላይ የቆሙት ጥቂት ነበሩ።

ከመሞቷ በፊት ሁለት ነገር ለምናኛለች። ያን መሐላ ማንም እንዳያነሣባት። ሊባን ደግሞ ጾማ እንደነበር እንዳያውቅ። «እግሬን በአንቺ ላይ ይቆጥርብሻል» አለችኝ።

እንግዲህ በርገር ቤቱ ውስጥ የተቀመጥኩት ይህን ይዤ ነው። ክፍሉ ይውጣ ብል እናቱ ያፈረችበትን ለዓለም ማሰማቴ ነው። አይውጣ ብል ምክንያቱን ይጠይቀኛል።

«ይህን ክፍል ከአልበሙ አስቀረው፣ ሊባን። እናትህ አትፈልገውም።»

«በምን አወቅሽ?»

«ነግራኛለች። አፍራበት ነበር።»

«በምኑ? ሰው በማዳኗ?»

«በሐሰት በመማሏ።»

«ኤዶ፣» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ባትምል ኖሮ ዛሬ ይሄን በርገር አታይም ነበር።»

«ባላየውም አይቆጨኝም።»

ትንሽ ሳቅ አለና ወዲያው ተወው። ድንቹን በካቻፑ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አደረገ። «እኔ የሚመስለኝን ልንገርሽ? የፈራሽው ለእሷ አይደለም። ለራስሽ ነው። የሶማሌ ሴት ቀሚስ ውስጥ ተደብቃ ነው የተረፈችው እንዳይባል ነው።»

መልስ ነበረኝ። እግሯ እንዴት እንደተቃጠለ አንድ ዐረፍተ ነገር ብነግረው ዝም ይል ነበር። አልነገርኩትም። «እንደመሰለህ» አልኩት። «የእኔን ሳል ተወው፤ ስሜንም ጻፍ ብትል ጻፍ። የእናትህን ቃል ግን ቁረጠው።»

ማዳመጫውን ጠቀለለ። ቀዝቃዛውን በርገር እስከ መጨረሻው ጥርግ አድርጎ በላው፤ የእኔንም ጨመረ። አስተናጋጇ ደንግጣ ታየው ነበር። በማግስቱ ሳይሰናበተኝ ሄደ።

አልበሙ ከወጣ ዐሥራ ሁለት ቀኑ ነው። ልጄ ከድሬዳዋ በስልኬ ላከችልኝ፤ እንዴት እንደሚከፈትም በስልክ አስተማረችኝ። በቤቴ ብቻዬን ሆኜ ነው የሰማሁት። ጄኔሬተሩም፣ ቃጭሉም፣ ሐዲዱም አለ። የደምበል ሴቶችን ቃል በከፊል መልሶ ገጥሞታል፤ አሁን አንዲቷ «ባልዲውን አቀብዪኝ» ስትል ይሰማል። እንዲህ ይሻላል። ሰባተኛው ላይ ስደርስ እጄ ላይ ያለውን ሥራ አስቀመጥኩ። ዝናቡ ይወርዳል። በሩ ይንኳኳል። እንደገና ይንኳኳል። ማዪ ይላል ጎረምሳው። ከዚያ ዝናብ ብቻ ነው። ልክ እሷ የተናገረችበትን ያህል ጊዜ ዝናብ፣ ከዚያ የእኔ ሳል። እንዳዘዝኩት አድርጎታል።

ከሦስት ቀን በኋላ ደወለልኝ። ድምፁ እንደ ድሮው ነበር፤ ከእኔ ጋር ተኮራርፎ መቆየት አይችልም፣ በልጅነቱም አይችልም ነበር።

«ሰው ምን አለ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ሰባተኛውን ብዙ ሰው ወዶታል። ይጽፉልኛል። 'ከውስጥ የነበሩት ሁሉ አልቀዋል ማለት ነው' ብሎ የጻፈ አለ። አንዷ ደግሞ፣ 'በዚያን ቀን ለጎረቤቱ በር ላይ የቆመ አንድም ሰው አልነበረም' ብላለች።»

«አንተ ምን አልካቸው?»

«ምን ልበላቸው?»

ሃያ ዓመት ሳህን ያሳለፈችልኝን ሴት ከገዛ በሯ ላይ ያጠፋኋት እኔ ነኝ። ቃሏን ጠበቅሁ ብዬ እሷን ራሷን አወጣኋት። ስልኩን በሌላው ጆሮዬ አዙሬ ስለ ሸኹ፣ ስለ አሥሩ ድሃ፣ ስለ ሦስቱ ቀን፣ ስለ ምስሩና ስለ ምድጃው ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት። ምንም ሳያቋርጠኝ ሰማ። ከበስተኋላው የአዲስ አበባ መኪና ይጮሃል።

«የእኔ ምስር ነበር ድስቱ ውስጥ ያለው» አልኩት። «ልትቆጥርብኝ ትችላለህ።»

«አልቆጥርም» አለ። «ቃሏን ልመልሰው?»

«እናትህ ናት። አንተ ወስን።»

«ከመለስኩት አንቺ ጻፊው። እኔ ድምፁን አወጣለሁ፣ አንቺ ጾሙን ጻፊ። ያለሱ አይሆንም።» እሺ አልኩት። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት በማግስቱ ነው። ስልኩን ልዘጋ ስል ግን፣ «ኤዶ» አለኝ። «ሦስተኛውን ቀን ጾሟን በምን አፈጠረች?»

ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ልዋሸው እችል ነበር።

«አላፈጠረችም» አልኩት። «በዘጠኝ ሰዓት ነው የወደቀችው። ላብ አጥምቋታል፣ ዓይኗ ነጭ ሆኗል። ስኳር በውኃ በጥብጬ በማንኪያ አፏ ውስጥ ጨመርኩ። ጀንበር ገና ከቤቱ በላይ ነበረች።»

«ታዲያ ጾሟ…»

«ፈረሰ። መብራት ስላልነበር የመስጊዱ ማጉያ አይሠራም፤ አዛን ይበል አይበል ከቤት አይሰማም። ነፍሷን ስታውቅ ሊመሽ ነበር። 'አፌ ውስጥ ስኳር አለ፤ አዛን ብሏል?' አለችኝ። ብሏል አልኳት። 'ከማለቱ በፊት ነው በኋላ ያጠጣሽኝ?' በኋላ አልኳት። ዓይኗን ከዓይኔ አላነሣችም። 'ማዪልኝ' አለችኝ።»

«ማልሽላት?» አለ ሊባን።

«እውነቱን ብነግራት ሦስቱንም ቀን ከመጀመሪያው ትጀምረው ነበር፤ በዚያ እግሯ። ማርያምን አልኳት። በፍልሰታ። አልሐምዱሊላህ ብላ ተኛች።»

«ኤዶ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ይሄን ለንስሐ አባትሽ ነግረሻል?»

«አልነገርኩም።»

«ለምን?»

«ንስሐ ለተጸጸተ ሰው ነው፤ እኔ አልተጸጸትኩም» አልኩት። ለኸድራ ከማልኩበት ቀን ወዲህ ግን አልቆረብኩም።